ከ«ቁጢት በጣሽ» እስከ «ጥቃቅን»፤ የጋሞ ሸማኔና የመንግሥታት ድጋፍ

በአገራችን መንግሥት ለአነስተኛ ነጋዴውና ለባለ እጁ ያደረገውን ድጋፍ የሚመዝኑ ጽሑፎች አብዛኛዎቹ የሚጀምሩት ከ1990 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ የተባለውን ሰነድ አውጥቷልና ጸሐፊዎቹ አይፈረድባቸውም፤ ሰነድ ካለበት መጀመር ይቀላል። እኔ ግን አንባቢ ከፈቀደልኝ ዘጠና ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ ከ1900 ዓ.ም ብጀምር እመርጣለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ዓመት ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ማዋረድ እንዲቀር፣ የሚሳደብም ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ እንዲቀጣ አዘዙ።

ይህ አዋጅ በጀት አልነበረውም። ብድር አልሰጠም፣ ጽሕፈት ቤት አልከፈተም፣ ማንንም አላደራጀም። ቢሆንም የነካው ነገር ዋናውን ነው። ስድብ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገበያም ጉዳይ ነው። የተናቀ ሰው የሠራው ዕቃ ዋጋው በንቀት ይሰበራል። ጥቂት ገንዘብ የያዘ እንደሆነ ሙያውን ትቶ ሌላ ሰው ለመሆን ይሮጣል፤ ልጁንም ከሙያው ያሸሻል። እንዲህ ያለ ሙያ ደግሞ እንዴት አድርጎ ያድጋል? አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። እኔ ባደግሁበት የአዲስ አበባ ሰፈር «ዶርዜ» የሚለው የአንድ ሕዝብ ስም እንደ ድንጋይ ሲወረወር እየሰማሁ ነው ነፍስ ያወቅሁት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጡትን ፖሊሲዎች ሁሉ ሳገላብጥ፣ ችግሩን ከሸማኔው ወገን ቆሞ ያየውን ለማግኘት ወደዚያው አሮጌ አዋጅ እመለሳለሁ።

አስገራሚው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔ በአገሩ የተናቀ ሰው አልነበረም። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዙሪያዋ፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ሴቷ ትፈትላለች። ሸማኔው መሬቱን የሚያርስ፣ እንሰቱን የሚተክል፣ በዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ ጉዳይ የሚናገር ሙሉ ሰው ነው። በጋሞ ባህል ወደ ዳር የተገፉት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ናቸው፤ እነሱ በዱቡሻው ቃል አልነበራቸውም፣ ከሌላው ጋርም አይጋቡም ነበር። (ይህን መናገር ያስፈልጋል። ጋሞን ያለ ነውር የእኩልነት አገር አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አሉና።) ሸማኔው ስድብን ያገኘው ሸማውን ተሸክሞ ወደ ሸገር ሲወጣ ነው። እዚያ ሲደርስ ከጨንቻም መጣ ከሌላው የጋሞ አገር፣ ሁሉም በአንድ ስም ዶርዜ ተባለ።

ለምን ወጣ? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ጦር ጋሞን ካስገበረ በኋላ ሁለት ነገሮች አብረው መጡ፤ ግብርና ገበያ። ከሰሜን የመጣው መልከኛና ወታደር ሸማ ለባሽ ነው፤ አዲስ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም እንዲሁ። ለብዙ ዘመን ለራሱና ለጎረቤቱ ቡልኮ ይሸምን የነበረው ሰው በእግሩ ገስግሶ ከእንጦጦ ሥር ሰፈረ። ጉለሌና ሽሮ ሜዳ እንዲህ ነው የተሠሩት። ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእህቱን ልጅ እያስከተለ፣ መጤው ከዘመዱ ቤት ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ እየቆፈረ። አንባቢ እንደሚያውቀው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚሠራው። ለመስቀል ደግሞ ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ይገባል።

ከዚህ የተገኘው ገንዘብ የት ገባ? በ1960ዎቹ በዶርዜ ተቀምጣ ያጠናችው አሜሪካዊት ጁዲት ኦልምስቴድ ከሮዳ ሃልፐሪን ጋር ሆና ስለ ሀላቃ ሹመት ጽፋለች። ሀላቃ የሚሆን ሰው ለአገሬው ትልቅ ድግስ ይደግሳል፤ በሽመና ያጠራቀመውን በአደባባይ ያበላል። የዛሬ የሥራ ፈጠራ አሠልጣኝ ይህን ቢሰማ «ካፒታሉን በላው!» ብሎ ፀጉሩን ይነጭ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ችኩል ፍርድ አልሰጥም። ድግሱ ለሰውዬው ክብር ነበር፤ ክብር ደግሞ ብድር ነው። ሀላቃ የሆነ ሰው ቢቸግረው የሚያበድረው፣ ልጁ አዲስ አበባ ቢሄድ የሚያስጠጋው አያጣም። ባንክ ባልነበረበት አገር ባንኩ ይኸው ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንግሥት ዓይኑ በፋብሪካ ላይ ነበርና ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ጣሊያን ድሬዳዋ ላይ ያቆመው የጥጥ ፋብሪካ ነበር፤ አቃቂ ተጨመረ፤ በ1953 ዓ.ም ደግሞ ባሕር ዳር መጣ። ሸማኔው ከዚህ ሁሉ የደረሰው አንድ ነገር የፋብሪካ ክር ነው። ድሩን በፋብሪካ ክር፣ ማጉን በሚስቱ ፈትል እያደረገ መሥራት ለመደ። ይህ ቀላል ለውጥ አይምሰላችሁ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ የሸማኔው እጣ ከክር ዋጋ ጋር ታሰረ፤ ክሩን የያዘም ሰው ሸማኔውን ያዘ። ነጋዴው ክር በዱቤ ይሰጣል፣ ሸማውንም በዚያው ዱቤ ልክ ይረከባል። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ደርግ ይህን ነጋዴ አይቶታል። አይቶትም በራሱ መንገድ ሊገላገለው ተነሣ። በ1968 ዓ.ም በወጣው አዋጅ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገበት፤ አንድ ሰውም ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይይዝ ተከለከለ። በ1969 የእደ ጥበብንና አነስተኛ ኢንዱስትሪን የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሀሲዳ እያለ ነው። በ1970 የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ተከተለ። ሸማኔውም «ሸማ ሠሪ» ተብሎ ማኅበር ገባ። መቼም አዲሱ ስም ከ«ቁጢት በጣሽ» ይሻላል፤ ይህን ለደርግ አልነፍገውም።

ጨንቻ ላይ ያነጋገርኋቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ አንድ አባት ስለዚያ ዘመን ሲያጫውቱኝ ሳቅ እየተናነቃቸው ነበር። አባባ፣ ማኅበሩ ጠቀማችሁ ወይስ ጎዳችሁ? ብዬ ብጠይቃቸው፣ ማኅበርተኛ የሆኑት ክር በኮታ ለማግኘት እንደነበር ነገሩኝ። ክሩ በመንግሥት ዋጋ ይመጣል፤ ውጭ ያለው ዋጋ ግን እጥፍ ስለሆነ የሚሸምነውም የማይሸምነውም አባል ሆነ። የሚሸምነው ሸመነ፤ የማይሸምነው ኮታውን ሸጠ። የሸጠውም ያተረፈ ይመስላቸዋል። ሸማውን ግን ሁሉም ማታ ማታ ለዚያው ለድሮው ነጋዴ በጓሮ በር ያደርስ ነበር። የእሳቸው ወግ የአንድ ሰው ትዝታ ነው፤ የአገር ማስረጃ አላደርገውም። ቢሆንም አንድ ነገር አስተማረኝ። መንግሥት አንድን ዕቃ ለተደራጀ ብቻ ሲሰጥ፣ ሰዎች የሚደራጁት ለሥራው ሳይሆን ለዕቃው ነው። ጣሪያውም ቢሆን ክፉ ሥራ ሠርቷል። ከሸማኔነት ተነሥቶ ወደ ትልቅ ወርክሾፕ ሊሸጋገር የሚችል ሰው ቢኖር እንኳ፣ መሰላሉ ጫፉ ተቆርጦ ነው የጠበቀው። ጣሪያው የተነሣው በ1982 ዓ.ም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ነው፤ ያኔ ግን ጦርነቱ ደጅ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ 1990 ሰነድ እንምጣ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህ ሰነድ ከሁለት ሥርዓቶች የሚሻልበት ነገር አለው። ትንሹን ሥራ ትልቁ እስኪመጣ የምንታገሠው ነገር አድርጎ ሳይሆን ራሱን የቻለ የኢኮኖሚ ክፍል አድርጎ ተቀበለው። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ኤጀንሲ ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1988 የወጣው የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ደግሞ ቤትና መሬት ለማስያዣ ለሌለው ሰው የብድር በር ከፈተ። በደቡብ የኦሞ ማይክሮፋይናንስ (ዛሬ ኦሞ ባንክ ሆኗል) ሥራውን የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ማስያዣው ሰው ነው፤ ጥቂት ሆነው ይደራጃሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ይህ በጋሞ ደጋ እንግዳ አልነበረም፤ ዕቁቡም ሆነ የሀላቃው ድግስ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

ስሙ ግን፣ ስሙ! «ጥቃቅን» የሚለውን ቃል ማን እንደመረጠው አላጣራሁም፤ ነገር ግን ያ ሰው ምኒልክ ያስነገሩትን አዋጅ ያነበበ አይመስለኝም። ሰውን በሙያው አትስደቡ ከተባለ ዘጠና ዓመት በኋላ ሸማኔው በመዝገብ ላይ «ጥቃቅን» ሆኖ ሰፈረ። በ1990 ትርጓሜ ጥቃቅን ማለት ካፒታሉ ከ20,000 ብር የማይበልጥ ነው። በ2003 ሲሻሻል በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ አምስት ሰው የሚያሠራና ጠቅላላ ሀብቱ ከ100,000 ብር ያልበለጠ ሆነ፤ ከስድስት እስከ ሠላሳ ሰው የሚያሠራና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ሀብት ያለው ደግሞ አነስተኛ።

እስቲ የአንድን የጋሞ ሸማኔ ቤት በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ሚስቱ ባዘቶውን ትፈትላለች። ልጁ ቀሰም ይሞላል። ወንድሙ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ሸማውን ይቀበላል። ክሩ የነጋዴ ነው። መወርወሪያውና እንጨቱ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ነው። ይህ ቤት ስንት ሠራተኛ አለው? ሀብቱስ ስንት ነው? ሁለት ከተማ ላይ የተዘረጋ፣ በዝምድናና በዱቤ የተሰፋ ድርጅት ነው እንጂ በአንድ ቀበሌ የሚቆጠር አምስት ሰው አይደለም። ፖሊሲው ግን ቆጥሮ መስጠት ስላለበት የሚቆጠር ነገር ፈለገ። ስለዚህ «ተደራጁ» አለ። በተለይ ከ1997 ምርጫ በኋላ ጉዳዩ ከኢኮኖሚም አልፎ የወጣቱ ጥያቄ መልስ ሆነ፤ ኮብልስቶን፣ ብሎኬት፣ እንጨትና ብረት ሥራ፣ ሼድ። በአርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ ስትዘዋወሩ የዚያን ዘመን ቆርቆሮ ሼዶች ታገኛላችሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረትም በደርግ ስብሰባ እንደነበረው በኢሕአዴግ ስብሰባ አልጠፋም። ሸማኔ ግን ድር ብቻውን አንበሳም ጨርቅም እንደማያስር ያውቃል፤ ማግ ያስፈልገዋል። ማጉ ገበያ ነው።

ከሁሉም ድጋፎች ውስጥ የተሻለው የቱ ነበር ብትሉኝ፣ ያለ ማመንታት መብራትና መሥሪያ ቤት ነው እላለሁ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም መካከል ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኢትዮጵያ ሸማኔዎች ላይ ያወጣው ጥናት ኤሌክትሪክ ባላቸው ከተሞች በጋራ ቦታ ተሰብስበው የሚሠሩት ሸማኔዎች ቤታቸው ከሚሠሩት ይበልጥ ምርታማ መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጭቃ ቤት ውስጥ ጥለት የሚጥል ሰው ቀይና ብርቱካን ክር የሚለየው ፀሐይ እስካለች ነው። በአዲስ አበባ በጉለሌ በኩል ለሸማኔዎች የተሠሩት ሕንፃዎች ብዙ ሐሜት ይነሣባቸዋል፤ ክፍል አሰጣጡ፣ የፎቁ ርቀት፣ የገዢው አለመምጣት። ሐሜቱ እውነት ቢሆን እንኳ አምፖል ካለበት ክፍል ወደ ጭቃው ጉድጓድ ልመለስ የሚል ሸማኔ እስካሁን አላገኘሁም።

ስለ ዝምድናው መረብ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናግሬ ማለፍ አልችልም። ያው መረብ ነው ከጨንቻና ከአካባቢዋ ሕፃናትን ትምህርት አስገባችኋለሁ እያለ አዲስ አበባ የሚያወርደው። ልጁ ሌሊት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይተኛል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከንጋት እስከ ምሽት ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ነክሮ የሚውል የአሥር ዓመት ልጅ ለጋቢያችን ዋጋ መርከስ አንዱ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። የሚያስቆጨኝ፣ የንግዱ ፖሊሲ ይህን ልጅ ጨርሶ አለማየቱ ነው፤ የሕፃናቱ ፖሊሲ ደግሞ ሲያየው የሚያየው በፖሊስ መዝገብ ነው። የሸማኔው ትርፍ ለምን የልጅ ጉልበት እስከሚያስፈልግ ድረስ ቀጠነ? ብሎ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

እንዲያው ለነገሩ፣ አርባ ምንጭ ዙሪያ ጥጥም ፋብሪካም አለ። በአባያና በሲሌ የመንግሥት እርሻዎች በደርግ ዘመን ጥጥ ይመረት ነበር። የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1980ዎቹ ሥራ ጀምሮ ኋላ ወደ ግል ተዛውሯል። ከደጋው ሸማኔ ቁልቁል ሲታይ ጥጡም ክሩም እግሩ ሥር ነው። ሦስቱን የሚያገናኝ ፖሊሲ ግን ጠፋ። ጥጡ የግብርና፣ ፋብሪካው የኢንዱስትሪ፣ ሸማኔው የጥቃቅን ነውና እያንዳንዱ በየመሥሪያ ቤቱ ቀረ። ሙዝ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ አለፈ። የቆላው ገበሬ መስኖውን ከወንዝ ጠልፎ፣ ነጋዴው አይሱዙውን አሰልፎ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ አዲስ አበባን ያዘ፤ ማኅበራቱና ዩኒየኑ የመጡት ገበያው ከቆመ በኋላ ነው። ሙዝ ግን ሸማ አይደለም። ሙዝን ከውጭ አስመስሎ የሚያትም የለም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው። ባለፉት ዓመታት ጥለትን አስመስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ ገበያውን አጥለቅልቆታል። አንድ ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ሸማኔውን ሳምንታት ያስቀምጠዋል፤ የታተመው በሜትር ይቆረጣል። ሸማኔው ላይ ታች ብሎ የወሰደውን ብድር በአንድ መስኮት የሰጠ መንግሥት፣ በሌላ መስኮት የታተመውን አስመጪ ቀረጥ አስከፍሎ ያስገባል። በሁለተኛው ያተረፈው በመጀመሪያው ከሰጠው ሳይበልጥ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጥርጣሬ ነው። ህንድ ይህን ችግር በ1985 እ.ኤ.አ. በሕግ ገጥማዋለች። ሳሪን ጨምሮ የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ ብቻ እንዲሸመኑ፣ በኤሌክትሪክ ማሽን እንዳይሠሩ ከለከለች። ሕጉ ብዙ ይጣሳል፤ የተከለሉትም ዓይነቶች ከጊዜ በኋላ ቀንሰዋል። ቢሆንም የህንድ ሸማኔ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚጠቅሰው አንቀጽ አለው። የእኛው ምን ይጠቅሳል?

መስከረም 2011 ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና መጣ። በቡራዩና በዙሪያዋ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞና የዶርዜ ሰዎች ነበሩ፤ የሽመና ዕቃቸው፣ ክራቸው፣ ያልተሸጠ ሸማቸው በአንድ ሌሊት ቀረ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱ። አገር ሁሉ ይህን ሥራቸውን አደነቀ፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን አንድ የሒሳብ ጥያቄ አብሮኝ ቀረ። በዚያ ሌሊት የጠፋው የሥራ መሣሪያ በየትኛው መዝገብ ላይ ነበረ? በዝምድና ቤት፣ ያለ ፈቃድና ያለ ኢንሹራንስ የቆመ ሥራ ሲፈርስም ሳይመዘገብ ነው። የተደራጀው ቢጎዳ ብድሩ ይታወቃል፤ ያልተደራጀው የጎደለበት ነገር ስም የለውም።

ከዚያ ወዲህ መዋቅሩ ብዙ ተገለባብጧል። የፌዴራሉ ኤጀንሲ በ2008 ተከፍሎ የከተማ ሥራ ዕድል ለአንዱ፣ አነስተኛና መካከለኛ ማምረቻው ለሌላው ተሰጠ። ማሽን በሊዝ የሚሰጥ አሠራር መጣ፤ መወርወሪያ በሊዝ የሚወስድ ግን የለም። በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። ጋሞ ከጎፋ ተለይቶ በ2011 ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ነሐሴ ደግሞ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ታቀፈ። በእያንዳንዱ ለውጥ ሰሌዳው ይቀየራል፣ ፋይሉ ይጓጓዛል።

ከዚህ ሁሉ መሐል ዱንጉዛ ብቻ ስሙ ጎልቶ ወጣ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ የጋሞ ልብስ ዛሬ ባለ ሥልጣን ለበዓል ይለብሰዋል፣ ዘፋኝ መድረክ ላይ ይወጣበታል። ሲቀላ ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ በእጅ የተሸመነውንና በማሽን የታተመውን ጎን ለጎን ተሰቅለው አየሁ፤ ሻጩ ራሱ ልዩነቱን ያሳየኝ ገልብጦ ነው። የታተመው ጀርባው ነጭ ነው። ይህን ንድፍ በሕግ ማስጠበቅ ይቻል እንደሆነ በ1987 የወጣውን የፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ አነበብሁ። አዋጁ ጥበቃ የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ንድፍ ነው። ዱንጉዛ አዲስ አይደለም።